ፕራይቬት ኪ በግምት ይገኛል ወይ?

ወንድሜ፣ «ፕራይቬት ኪ፣ ማለትም የቢትኮይን ዋሌት (ዲጂታል የገንዘብ ቦርሳ) የሚከፍተውን ሚስጥራዊ ቁልፍ፣ እየገመተ ብር ያለበት ዋሌት የሚያገኝ ሶፍትዌር ሊሸጡልኝ ነው፤ ላፕቶፔ ላይ ቀን ከሌት ባስኬደው አንድ ቀን ይመታልኝ ይሆን?» ብለሃል። አይመታም። እባክህ ገንዘብህን እንዳትሰጣቸው። ቢመታ እንኳ የሰው ገንዘብ ነው።

ዋሌት የጠፋባቸው ሰዎች እንዳስመልስላቸው እኔ ጋ ይመጣሉ። እንዲህ ያለ ሶፍትዌር ገዝተው የመጡም አሉ። አንዱን ኢንተርኔት አጥፍቼ አስኬድኩት፤ ያኔም «ባላንስ ተገኘ» አለ። ውስጡ ምንም የአድራሻ (የዋሌቶች መለያ) ዝርዝር የለም። ከየት አይቶ ነው? ጽሑፉ ቀድሞ የተቀመጠ ነው፤ ቀጥሎ «ለማውጣት ክፈል» ይላል።

እስቲ ሒሳቡን እንየው። የቢትኮይን ፕራይቬት ኪ 256 ቢት (0 ወይም 1 የሆነ አሃዝ) ያለው ቁጥር ነው። የተለመደው አድራሻ ግን ወደ 160 ቢት ስለሚያጥር፣ ለገማቹ እንዲቀልለት በዚያ እናስላ። ይህም ቢሆን የአማራጩ ብዛት 49 አሃዝ ያለው ቁጥር ነው። ብር ያለባቸው አድራሻዎች 100 ሚሊዮን ናቸው እንበል። ማሽንህም በሰከንድ 1 ቢሊዮን ይሞክር፤ ተራ ላፕቶፕ እዚያ አይደርስም። አንዱን ለማግኘት በአማካይ የዩኒቨርስን ዕድሜ፣ 13.8 ቢሊዮን ዓመትን፣ ከ30 ትሪሊዮን ጊዜ በላይ ደጋግሞ መሥራት አለበት። ሚሊዮን ጊዜ ብታፈጥነው እንኳ 30 ሚሊዮን ጊዜ ይቀርሃል።

«ታዲያ በግምት የተዘረፉት ዋሌቶችስ?» ትለኝ ይሆናል። እነዚያ ቁልፎች መጀመሪያውኑ ደካማ ነበሩ። ብሬይን ዋሌት የሚባለውን አስታውስ፤ ሰው ራሱ ከመረጠው ዓረፍተ ነገር ቁልፍ ይሠራል። የታወቀ ጥቅስና የዘፈን ግጥም የመረጡት ተዘረፉ። በ2023 ደግሞ ሊብቢትኮይን የተባለው መሣሪያ አዲስ ዋሌት ሲፈጥር 32 ቢት ብቻ ይጠቀም እንደነበር ታወቀ። ይህ 4.3 ቢሊዮን ያህል አማራጭ ነው፤ ሞክሮ መጨረስ ይቻላል።

የራስህ ዋሌት ጠፍቶብህ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ዋሌቱን መልሶ ለመክፈት ሲፈጠር ከሚሰጡህ 12 ቃላት አንዱ ብቻ ጎድሎ ቦታውን ካወቅክ፣ አማራጩ 2048 ቃል ነው። ከዚያም የማረጋገጫው ስሌት አብዛኛውን ይጥላል፤ 128 ገደማ ይቀራል። ወዲያው ያልቃል። ሁለት ቃል ቢጎድልም ተስፋ አለው። 12ቱም ከጠፉ ግን እኔ ሥራውን አልቀበልም፤ እቀበላለሁ የሚልህንም አትመን።

ስንት ቃል እንደጎደለህ ጻፍልኝና እንነጋገር። ቃላቱን ግን ለእኔም ቢሆን እንዳትልክ።