ባቡሩ ለምን ከቃሊቲ አያልፍም?

ጥያቄ፦ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ደርሶኝ ገብቻለሁ። የአዲስ አበባ ባቡር ቃሊቲ ላይ ከሚቆም ለምን እስከ እኛ አይቀጠልም?
የሁለት ልጆች እናት

መልስ፦ እህቴ፣ ሐዲዱ ብቻ ቢሆን በተሻለ ነበር። ባቡሩ መስከረም 2008 ዓ.ም. ሲጀምር 41 ተሽከርካሪዎች ነበሩት፤ ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት ቆመዋል። መለዋወጫው ደግሞ ዶላር ይፈልጋል። ባቡር ሳይጨመር መስመሩ ቢረዝም፣ ያሉት ይሳሱና እርስዎ ፌርማታ ላይ የሚቆሙበት ሰዓት ይብሳል።

ደግሞ ከስታዲየም እስከ ልደታ የአያቱና የቃሊቲው መስመር አንድ ሐዲድ ይጋራሉ። ወጪ ቆጥቧል መሰለኝ፤ እኔ ግን አልወደድኩትም። አንዱ እስኪያልፍ ሌላው ይጠብቃላ! ባቡር ቢገዛም እንደልብ አይጨመርም።

እኔን ቢጠይቁኝ፣ ከኮዬ ፈጬ እስከ ቃሊቲ ጣቢያ ለብቻው የታጠረ የአውቶቡስ መንገድ አስቀድማለሁ። ከሲኖትራክ ጋር እየተጋፋ የሚሄድ አውቶቡስ ከሆነ ግን ይቅር።