በዓል በመጣ ቁጥር ለምን እንታመማለን? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በዓል ሲቃረብ የሚመጡልን ጥያቄዎች ሁሌም ይበዛሉ፣ የዘንድሮዎቹን ሳነባቸው ግን አንድ ነገር ደጋግሞ ታየኝ። ብዙዎቻችሁ ምን ማድረግ እንዳለባችሁ ታውቁታላችሁ፣ የከበዳችሁ ለሰው መናገሩ ነው። የታመመን እንግዳ "ዛሬ ይቅርብህ" ማለት፣ ሲያድር የቆየን ምግብ "ይደፋ" ማለት፣ አባትን "ይበቃዎታል" ማለት ይጨንቃል። ስለዚህ በዚህ ወር ከበሽታው እኩል ስለ ይሉኝታውም ነው የማወራው፣ በበዓል ሰሞን ሰው ከሚያሳምሙት ነገሮች አንዱ እሱ ነው ብዬ ከልቤ ስለማምን።

ጥያቄ፦ በዓል ባለፈ በሳምንቱ ቤታችን በሙሉ ጉንፋን ነው። መጀመሪያ ትንሹ ልጄ ያስነጥሳል፣ ከዛ ትልቋ፣ ከዛ እኔ፣ ባለቤቴ ሲድን ደሞ ትንሹ እንደገና ይጀምራል። አማቴ "ብርድ ነው የመታችሁ" ይላሉ። እኔ የምጠረጥረው ግን እያሳሉ መጥተው ልጆቼን አገላብጠው የሚስሙትን እንግዶች ነው። ማን ልክ ነው? ምንስ ልበላቸው? (የሁለት ልጆች እናት)

መልስ፦ እህቴ፣ ጥርጣሬሽ ልክ ነው። ጉንፋንም ፍሉም የሚመጡት ከቫይረስ ነው፣ ቫይረሱ ደሞ ከሰው ነው የሚመጣው። አማትሽም ግን ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም፣ ምክንያቱም ሲበርድ በርና መስኮት ዘግተን ተጠጋግተን እንቀመጣለን፣ የአንዱ ትንፋሽ ለሌላው ይደርሳል፣ በዛ ላይ አየሩ ሲደርቅ የፍሉ ቫይረስ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ብርዱ መንገዱን ይጠርጋል፣ በሽታውን የሚያመጣው ግን ሰው ነው።

አስቸጋሪው ነገር ፍሉ የያዘው ሰው ምልክት ከማሳየቱ አንድ ቀን ቀድሞ ማስተላለፍ መጀመሩ ነው፣ ከታመመ በኋላም ከ5 እስከ 7 ቀን ያስተላልፋል፣ ልጆች ደሞ ከዛም ሊያልፉ ይችላሉ። ስለዚህ "ደህና ነኝ" ያለው እንግዳ ሁሉ ደህና ነው ማለት አይደለም፣ ለዚህ ነው የሚያስለውን ብቻ እየለየሽ መከላከል የማትችይው። ሳሎኑ ውስጥ ሰው ሲበዛ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት መስኮቶችን ወይም በርና መስኮት ክፈቺ፣ ሁሉንም ወለል አድርገሽ መክፈት የለብሽም፣ አየሩ ገብቶ የሚወጣበት መንገድ ካገኘ ይበቃል። ቅር የሚለው ካለ ጋቢ ወይም ጃኬት ስጪው፣ መስኮቱን ግን አትዝጊው።

ምን ልበላቸው ላልሽው፣ በር ላይ ቆሞ አንድን ሰው ለይቶ መመለስ ለማንም ከባድ ነው፣ እኔም አልመክርሽም። ከበዓሉ ሁለት ሦስት ቀን ቀድመሽ ለሁሉም ደውዪ ወይም በቴሌግራም ላኪላቸው፦ "ልጆቹን ጉንፋን እየደጋገማቸው ስለሆነ ያመመው ሰው ካለ ሲሻለው ይምጣልን፣ እኛም ካመመን ቀድመን እንነግራችኋለን።" ለሁሉም ስለተባለ ማንም በእኔ ላይ ነው አይልም፣ እናንተም ራሳችሁን ስላስገባችሁበት ትእዛዝ አይመስልም። ያም ሆኖ እያሳለ የመጣ ካለ መስኮቱ ጋ አስቀምጪው፣ ማስክ ስጪው፣ ልጆቹን ከሩቅ ሰላም ይበላቸው። አክባሪ ዘመድ ይገባዋል፣ ያልገባው ቢያኮርፍ ደሞ ኩርፊያ ይበርዳል።

አንድ ልጨምር፣ እንቅልፍሽን። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ላይ ተመራማሪዎች 164 ጤነኛ ሰዎች አፍንጫ ውስጥ የጉንፋን ቫይረስ ጨምረው ነበር፣ በቀን ከ6 ሰዓት በታች የሚተኙት ከ7 ሰዓት በላይ ከሚተኙት ጋር ሲነጻጸሩ በጉንፋን የመያዛቸው እድል ከ4 እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። በበዓል ዋዜማ ቤት ሲወለወልና ሲበሰል ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ቆማ የምታጥብ እናት የምትታመመው ለዚህም ጭምር ነው፣ ስለዚህ ባለቤትሽና ትልቋ ልጅሽ ሥራውን ይካፈሉሽ፣ የቀረው ደሞ ቢቀር ምንም አይደለም። የፍሉ ክትባት መውሰድ ካሰባችሁ ከሰው ጋር ከመገናኘታችሁ ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ ውሰዱ፣ ሰውነት መከላከያውን ለመሥራት ያን ያህል ጊዜ ይፈጅበታል።

ጥያቄ፦ ባለፈው በዓል ስጋውን በትልቅ ድስት ማታ ሠርተን፣ ፍሪጁ ሞልቶ ስለነበር ምድጃው ላይ አሳደርነው። ጠዋት ሞቅ አድርገን በላን፣ ከ10 ሰዓት ገደማ በኋላ አራታችንንም ሆዳችንን ቆረጠን፣ ተቅማጥም ያዘን። ባለቤቴ "ሞቆ የለ እንዴ፣ ከምግቡ አይደለም" ይላል። (በጣም የተጨነቀች አንባቢ)

መልስ፦ ሳላያችሁ በእርግጠኝነት ይሄ ነው ማለት አልችልም፣ የነገርሽኝ ታሪክ ግን ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ ከሚባለው ባክቴሪያ ጋር በጣም ይገጥማል። እሱ ባክቴሪያ ሲበስል የማይሞት ዘር አለው። ድስቱ ትልቅ ሲሆን መሀሉ ቀስ ብሎ ነው የሚቀዘቅዘው፣ ለብ ባለው ምግብ ውስጥ ያ ዘር ይነቃና ሌሊቱን ሙሉ ይራባል፣ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ቁርጠትና ተቅማጥ ያመጣል፣ አብዛኛውን ጊዜ ትውከትና ትኩሳት የለውም፣ በአንድ ቀን ገደማም ይለቃል። ሽታውም ጣዕሙም ላይለወጥ ይችላል፣ ስለዚህ "አሽትቼዋለሁ ደህና ነው" የሚባለው ነገር አይሠራም።

ባለቤትሽ በግማሽ ልክ ነው። እስኪንተከተክ ድረስ በደንብ የሞቀ ምግብ ብዙውን ባክቴሪያ ይገድላል፣ "ሞቅ ማድረግ" ግን አይገድልም፣ እንደውም ይመቸዋል። ደሞ ሌሎች ባክቴሪያዎች አሉ፣ ለምሳሌ በእጃችን ቁስልና በአፍንጫችን ላይ የሚኖረው ስታፊሎኮከስ፣ ወይም ሩዝ ላይ የሚገኘው ባሲለስ ሴሪየስ፣ እነሱ ምግቡ ላይ የሚተዉት መርዝ ብታፈይውም አይጠፋም። ስለዚህ ዋናው ነገር መጀመሪያውኑ እንዳይራቡ ማድረግ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው ግልጽ ነው፦ የበሰለ ምግብ ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይ፣ ወይ ከ5 ዲግሪ በታች ይቀዝቅዝ ወይ ከ60 ዲግሪ በላይ ትኩስ ሆኖ ይቆይ፣ መሀል ላይ ያለው ነው አደገኛው።

አሁን ወደ ፍሪጁ ልምጣ፣ ምክንያቱም ችግሩ እዛ ነው ያለው። የበዓል ሰሞን ፍሪጅ ብትከፍቺ ግማሹን የያዘው ለስላሳ፣ ቢራና ውሃ ነው፣ ስጋው ደሞ ቦታ አጥቶ ምድጃ ላይ ያድራል። መጠጥ ውጭ ቢያድር አይበላሽም እኮ! ጠርሙሶቹን አውጥተሽ በረዶ ወይም ቀዝቃዛ ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ ክተቻቸው፣ ፍሪጁን ለምግቡ ልቀቂለት። ትልቁን ድስት እንዳለ አታስገቢው፣ ጠለቅ ባላሉ ሰፋፊ ዕቃዎች ከፋፍይው፣ እንደዛ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ እንፋሎቱ ከወጣለት ደሞ ትንሽ ሙቀት ቢኖረውም ማስገባት ይቻላል፣ ሙሉ በሙሉ እስኪበርድ ብለሽ ሌሊቱን አትጠብቂው። ጥሬ ስጋ ከታች ይቀመጥ ደሙ ሌላው ላይ እንዳይንጠባጠብ፣ የጥሬ ስጋ ቢላና መክተፊያም ለሰላጣ እንዳይነካካ። ሌሊቱን ውጭ ያደረውን ደሞ፣ አውቃለሁ ያንገበግባል፣ ብዙ ወጪና ብዙ ድካም ነው፣ ግን ድፊው።

ጥያቄ፦ በር ላይ ሳኒታይዘር አስቀምጫለሁ፣ አይበቃም?

መልስ፦ ለጉንፋን ቫይረሶች ጥሩ ነው፣ አታንሳው። ግን በዓል ሰሞን ቤት ሙሉ ሰው የሚያስታውከው ኖሮቫይረስ ለሳኒታይዘር ብዙም አይበገርም፣ እሱን የሚያነሳው ሳሙናና የሚወርድ ውሃ ነው፣ 20 ሰከንድ ያህል፣ ጥፍር ሥርና በጣቶች መሀል ጭምር። ምግብ የሚሠራው ሰው አስታውኮ ወይም አስቀምጦት ከነበረ፣ ቢሻለውም ምልክቱ ካቆመ በኋላ 48 ሰዓት ኩሽና አይግባ። ትውከት የነካውን ቦታ በበረኪና አጽዱት፣ ጓንት አድርጋችሁ። ለታመመው ሰው ደሞ ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጥ የስኳርና የጨው ዱቄት) ስጡት፣ ከጠፋ በ1 ሊትር ንጹህ ውሃ 6 ያልተቆለለ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አድርጉ፣ ጨው አታብዙ፣ ቶሎ ቶሎ ትንሽ ትንሽ ይጠጣ።

ጥያቄ፦ አባቴ ስኳርም ደም ግፊትም አለባቸው። በዓል ሲሆን "ዛሬ ልጠጣ ነው" ብለው መድኃኒቱን ይተዉታል፣ ምሳው ትልቅ ስለሆነም ቁርስ አይበሉም። ስናገር "የአንድ ቀን ነገር ነው ልጄ" ይሉኛል። (ልጃቸው)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይሄንን ጥያቄ ብዙ ሰው ነው የጠየቀው፣ ስለዚህ ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ። አባትህ መድኃኒቱን የሚተዉት ከመጠጥ ጋር ይጣላል ብለው ሰግተው ነው፣ ስጋታቸው ከንቱ አይደለም፣ መፍትሔው ግን የተገላቢጦሽ ነው፣ የሚቀነሰው መጠጡ ነው እንጂ መድኃኒቱ አይደለም። የደም ግፊት መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ግፊቱ ሊወጣ ይችላል፣ ጨው በበዛበት ቀን ደሞ ይብሳል።

የበለጠ የሚያስፈራኝ ስኳሩ ነው። ኢንሱሊን ወይም ስኳርን የሚያወርድ አንዳንድ ኪኒን የሚወስድ ሰው በባዶ ሆዱ ሲጠጣ ስኳሩ በጣም ሊወርድ ይችላል፣ ጉበት አልኮሉን ሲያጣራ ስኳር መልቀቁን ይተዋል፣ ይሄ ደሞ ከጠጡ ከሰዓታት በኋላ፣ ሌሊት ተኝተው ሊመጣ ይችላል። ስኳሩ የወረደበት ሰው ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ምላሱ ይተሳሰራል፣ ያልሆነ ነገር ይናገራል፣ ያየው ሰው ሁሉ ሰክሯል ብሎ ያስተኛዋል። እባካችሁ የስኳር ታማሚ እንደዛ ሲሆን አታስተኙት፣ ለኩት። መለኪያ ከሌለ ንቁ ሆኖ መዋጥ የሚችል ከሆነ ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ ወይም ጭማቂ አጠጡት፣ ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳታደርጉ ወደ ሕክምና ውሰዱት። ቁርስም ትንሽ ቢሆን ይብሉ፣ ከጠጡም ከምግብ ጋር ይሁን፣ ከመጠጣታቸው በፊት ግን ሐኪማቸው ለእሳቸው መድኃኒት ምን ያህል እንደሚፈቅድ ይጠይቁ።

ስለ ልብም ልናገር። በ1978 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ፊሊፕ ኤቲንገር የሚባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው በዓልና ቅዳሜና እሁድ ብዙ የጠጡ ሰዎች የልብ ምታቸው ተዛብቶ ሆስፒታል እንደሚመጡ ጽፈው "የበዓል ልብ" የሚል ስም ሰጡት፣ ልባቸው ከዚያ በፊት ጤነኛ የነበሩም ይገኙበታል። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ የስዊድን ጥናት ደሞ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) የያዛቸውን ከ283 ሺህ በላይ ሰዎች አይቶ በገና ዋዜማ ላይ ሕመሙ 37 በመቶ ጨምሮ አግኝቷል፣ ጎልቶ የታየውም ከ75 ዓመት በላይ በሆኑትና ስኳር ባለባቸው ላይ ነው። ደረት ላይ የሚጫን ሕመም፣ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚሄድ፣ ከላብና ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከመጣ "በዓሉ ይለፍ፣ እንግዳ አለ" አይባልም። እንግዶቹ ራሳቸው አባትህን ወደ ሆስፒታል ይሸኙዋቸዋል።

ለአባትህ ስትነግራቸውም ሰው ፊት አትንገራቸው፣ ከዋዜማው ቀድመህ ለብቻቸው አነጋግራቸው፣ "አባዬ፣ እርስዎ ሲታመሙ እኔ ነኝ ሌሊት የምጨነቀው" በላቸው። ክልከላ ስትል ይከራከሩሃል፣ ጭንቀትህን ስትነግራቸው ይሰሙሃል።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያ ልጄ የበዓሉ ቀን 5 ሳምንት ይሆናታል። ሁሉም ሊያያት ይመጣል። መከልከል ነውር አይደለም? (አዲስ እናት)

መልስ፦ ነውር አይደለም፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ! አየት አድርገው ይሂዱ፣ ከእጅ ወደ እጅ ግን አትዙር። የሚያቅፋት ካለ እጁን ታጥቦ፣ ፊቷንና እጇን ማንም ሳይስማት። በተለይ ከንፈሩ ላይ ቁስል ያለው ሰው፣ ያ ቁስል ሄርፒስ ከሚባል ቫይረስ የመጣ ከሆነ ለጨቅላ ሕይወትን የሚያሰጋ ነው። ለትልቅ ሰው ተራ ጉንፋን የሚመስለው ቫይረስም ጨቅላ ላይ ሳንባ ድረስ ሊወርድ ይችላል። አንቺ ለመናገር ከከበደሽ ባልሽ ወይም እናትሽ በር ላይ ሆነው "ሐኪሟ አትሳም ብሏል" ይበሉ፣ እኔም እያልኩ ነውና ውሸት አይሆንባቸውም። ከ3 ወር በታች ያለ ልጅ 38 ዲግሪና ከዛ በላይ ካተኮሰ ደሞ ቤት ውስጥ የሚታይ ነገር አይደለም፣ የዛኑ ሰዓት ነው ሐኪም ጋ የሚኬደው፣ በዓልም ቢሆን ሌሊትም ቢሆን።

ጥያቄ፦ እንዳልታመም አስቀድሜ አንቲባዮቲክ ብወስድስ? ካለፈው የተረፈ አለኝ።

መልስ፦ አይሆንም። አንቲባዮቲክ ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን አይነካም፣ ጉንፋንን አይከላከልም፣ ያለ ሐኪም ሲወሰድ ደሞ መድኃኒቱን የለመዱ ባክቴሪያዎች እንዲበዙ ያደርጋል። ጉንፋን ከያዘህ ዕረፍት፣ ፈሳሽ፣ ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ይበቃል። ግን የጉንፋን ተብለው የሚሸጡ ብዙ ኪኒኖችና ዱቄቶች ውስጣቸው ፓራሲታሞል አላቸው፣ ሁለቱን ስትደራርብ ሳታውቀው መጠኑን ታልፋለህ። ለትልቅ ሰው በ24 ሰዓት ከ4 ግራም ማለፍ የለበትም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊግራም 8 ፍሬ፣ ዘወትር የሚጠጣ ወይም ጉበቱን የሚያመው ሰው ደሞ ከዛም ባነሰ ነው የሚወስደው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አንብብ፣ ካልገባህ የፋርማሲ ባለሙያዋን ጠይቃት።