ቆብ ነጣቂው ቫይረስ፦ የቅዳሜ ከሰዓት ጥያቄና መልስ

ዶክተር፦ ከባሕር ዳር ነው የምጽፈው። ርእሱ ሴል መልእክተኛ አርኤንኤውን፣ ማለትም የፕሮቲን መሥሪያ መመሪያ ከዲኤንኤ የሚያደርሰውን ግልባጭ፣ እንዴት እንደሚያሰናዳ፣ ቫይረሶችም በዚያ ሥራ መሃል እንዴት እንደሚገቡ ነው። ዕድሜዬን የጨረስኩት ኢንፍሉዌንዛ ላይ ስለሆነ ወደዚያ ባዘነብል አትፍረዱብኝ። አስቀድሜ ልናገር፦ የሕክምና ምክር አልሰጥም። «ቫይረስ» ብላችሁም በጅምላ አትጠይቁኝ፤ ስሙን ጥሩ።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ፦ መልእክተኛ አርኤንኤ ከዲኤንኤ ከተገለበጠ በኋላ በቀጥታ ፕሮቲን ወደሚሠራበት ወደ ራይቦዞም ይሄዳል ተብለን ተምረናል። ልክ ነው?

ዶክተር፦ ለባክቴሪያ ልክ ነው። በእኛ ሴል ግን አርኤንኤው ዲኤንኤው ከሚቀመጥበት ከኒውክሊየስ ከመውጣቱ በፊት ብዙ ይሠራበታል። ገና 20 ወይም 30 ፊደል (የአርኤንኤ ሰንሰለት ቀለበት ማለቴ ነው) ያህል እንደተጻፈ ራሱ ላይ ቆብ ይደፋለታል፤ ቆቡ ተገልብጦ የተገጠመ፣ ሜቲል የተባለ ትንሽ ኬሚካል የታከለበት ጓኖሲን የሚባል ፊደል ነው። ትርጉም የማይሰጡት ኢንትሮኖች ተቆርጠው ይጣሉና የሚቀሩት ኤግዞኖች ይቀጣጠላሉ። በመጨረሻ 200 ገደማ አዴኖሲን የሚባል ፊደል የተደረደረበት ጅራት ይቀጠልለታል። ደስ የሚለኝ ነገር ምን መሰለህ? ይህን መቁረጥና መቀጠል ያጋለጠው ቫይረስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ሪቻርድ ሮበርትስና ፊሊፕ ሻርፕ በየፊናቸው የአዴኖቫይረስን አርኤንኤ ሲመረምሩ ጂኑ የተበጣጠሰ ሆኖ አገኙት። እ.ኤ.አ. በ1993 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው።

ዲያቆን ከዘጌ፦ ይቅርታ ዶክተር፣ «ቆብ መድፋት» የመነኮሳት ነው። ለአርኤንኤ ሌላ ቃል አይገኝም?

የላቦራቶሪ ባለሙያ፦ «ካፕ» ብንለው ምን ችግር አለው?

ዲያቆን ከዘጌ፦ ካፕማ ልጆች የሚያደርጉት የፀሐይ መከላከያ ነው። «ባርኔጣ» ይሻላል።

የላቦራቶሪ ባለሙያ፦ ባርኔጣስ የማን ቃል ሆነና?

ዶክተር፦ ተዉ። ዲያቆን፣ ቃሉን የመረጥኩት በንቀት አይደለም፤ ሥራው ስለሚመሳሰል ነው። በጀልባ ስንሻገር መነኩሴውን ከምእመኑ የምንለየው በቆቡ አይደለም? ሴልም ቆብ ያለውን «የራሴ ነው» ይላል፤ ይጠብቀዋል፣ ወደ ራይቦዞም ያስገባዋል። ቆብ የሌለው ባዕድ ነው፤ ማንቂያ ይደወልበታል። እኔም የጣናውን ደሴት ገዳም ክብራን ገብርኤልን ከጀልባ ላይ ብቻ ነው የማየው፤ ሴት አይገባበትም። በር ላይ መታየት ምን እንደሆነ አውቃለሁ።

ነርስ፦ ታዲያ ቫይረስ ይህን በር እንዴት ያልፋል?

ዶክተር፦ የትኛው ቫይረስ?

ነርስ፦ እሺ፣ ኢንፍሉዌንዛ።

ዶክተር፦ አሁን ተግባባን እህቴ። ኢንፍሉዌንዛ ቆብ መሥራት አይችልም። ስለዚህ ይሰርቃል። አርኤንኤ የሚገለብጠው የቫይረሱ ኢንዛይም፣ ፖሊሜሬዝ፣ ሦስት ክፍል አለው። ፒቢ2 የሚባለው የሴሉን አርኤንኤ ቆቡ ላይ ይጨብጣል፤ ፒኤ የሚባለው ከቆቡ ከ10 እስከ 13 ፊደል ዝቅ ብሎ ይቆርጠዋል። ቁራጩን ቫይረሱ የራሱ መልእክት መነሻ ያደርገዋል። ራሱ የሴሉ፣ አካሉ የቫይረሱ የሆነ አርኤንኤ ይወጣል፤ ራይቦዞምም ቆቡን አይቶ ያስገባል። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለው ተረት እዚህ አልሠራም። ብዙዎቹ አርኤንኤ ቫይረሶች ሥራቸውን ከኒውክሊየስ ውጭ ሲጨርሱ ኢንፍሉዌንዛ ወደ ውስጥ የሚዘልቀው ለዚህ ነው፤ አዲስ ቆብ የሚደፋው እዚያ ነዋ። ጅራቱን ግን ራሱ ያበጃል፦ ፖሊሜሬዙ አጭር የዩ ፊደሎች ረድፍ ላይ ሲደርስ እንደ ተንተባታቢ አንዱን ደጋግሞ ያነበዋል። በዚያ ላይ ኤንኤስ1 በሚባል ፕሮቲኑ የሴሉን አዳዲስ አርኤንኤዎች የጅራት ሥራ ያሰናክላል። ሌባው ሰርቆ አይበቃው፣ ባለቤቱንም ያስራል! ባሎክሳቪር የተባለው መድኃኒት የፒኤን መቀስ የሚያደነዝዝ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ጃፓንና አሜሪካ ፈቀዱት።

አንድ አባል፦ ቫይረስ ለምን መድኃኒት የለውም?

ዶክተር፦ ከላይ ያለውን ያንብቡ። ደግሞስ የትኛው ቫይረስ?

የባጃጅ ሹፌር፦ ትናንት ውሻ ነከሰኝ። የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ቆብ ይሰርቃል?

ዶክተር፦ አይሰርቅም፣ ራሱ ይሠራል። ይህን አሁን ተወው! ቁስሉን በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠብና ዛሬውኑ ጤና ተቋም ሄደህ ክትባት ጀምር። ምልክቱ ከታየ በኋላ ሐኪም የሚያደርግልህ ነገር እምብዛም ነው። ሂድ።

የእንስሳት ሐኪም ከመራዊ፦ የከብቱ አፍተግርስ? የዶሮው ፈንግልስ?

ዶክተር፦ ፈንግል የራሱን ቆብ ይሠራል። አፍተግር ቆብ አልባ ነው፤ ግን አያፍርም። ቆብ የሚይዘውን ፕሮቲን ከራይቦዞም ጋር የሚያገናኝ ድልድይ አለ፤ ኢአይኤፍ 4ጂ ይባላል (የስልኩ አይደለም)። አፍተግር ድልድዩን ቆርጦ ባለቆቦቹን ደጅ ያስቀራል። እሱ አርኤንኤው ውስጥ በተጣጠፈ ማረፊያ ራይቦዞሙን በቀጥታ ይጠራል። ፖሊዮም እንዲሁ ያደርጋል።

ሌላ አባል፦ ጣናን የወረረውን እምቦጭ የሚገድል ቫይረስ ለምን አይፈጠርም?

ዶክተር፦ የእኔ ርእስ አይደለም።

ዓሣ አስጋሪ፦ ቫይረስ ምን ያደርጋል፣ በእጅ መንቀል ነው እንጂ።

ሌላ አባል፦ በእጅማ ስንት ጊዜ ነቀልነው፣ ተመልሶ መጣ!

ዶክተር፦ እምቦጩን ሌላ ቦታ ንቀሉት። የቀረ ጥያቄ?

ነርስ፦ የኮቪድ ኤምአርኤንኤ ክትባት ዲኤንኤያችንን ይቀይራል የሚሉ እናቶች አሁንም ይመጡብኛል።

ዶክተር፦ አይቀይርም። በፋብሪካ ቆብና ጅራት የተሰጠው መልእክት ነው፤ ኒውክሊየስ አይገባም፣ አርኤንኤን ወደ ዲኤንኤ የሚገለብጥ ኢንዛይምም አልያዘም። ይህን ኢንዛይም ይዞ የሚመጣው ኤችአይቪ ነው። የሴሉ ማንቂያ እንዳይጮህ ዩሪዲን የሚባለው ፊደል በተሻሻለ ዓይነት ተተክቷል፤ ካታሊን ካሪኮና ድሩ ዋይስማን የእ.ኤ.አ. 2023ን ኖቤል ያገኙት በዚህ ነው።

አንድ አባል፦ ስለ ቫይረስ በአጭሩ ቢያስረዱን?

ዶክተር፦ አላስረዳም።

ገበሬ ከቆጋ መስኖ፦ ልጄ፣ የእኔ ጥያቄ የሰው አይደለም። የበርበሬዬ ቅጠል ተዥጎረጎረ፣ ፍሬውም ጠመመ። ቫይረስ ነው አሉኝ፤ የትኛው እንደሆነ አላውቅም።

ዶክተር፦ አባባ፣ እርስዎስ ሳልጠይቅዎ መለሱልኝ። ሳላየው አልፈርድም። ግን በርበሬን ከሚያጠቁት መካከል ፖቲቫይረስ የሚባሉት አሉ፤ ክሽክሽ የምትባል ትንሽ ተባይ ናት ከተክል ተክል የምታዛምታቸው። አርኤንኤያቸው በቆብ ፋንታ ራሱ ላይ ፕሮቲን ተሸክሟል፤ ያ ፕሮቲን የተክሉን ቆብ ያዥ፣ ኢአይኤፍ 4ኢን፣ ካልጨበጠ ቫይረሱ አይራባም። ቆብ ያዣቸው ጥቂት የተለወጠ በርበሬዎች አሉ፤ ለራሳቸው ሥራ ይበቃቸዋል፣ ቫይረሱ ግን መጨበጫ ያጣል። አዳቃዮች ምክንያቱን ሳያውቁ እነዚህን ሲመርጡ ኖረዋል። ዘሩ ምን ይባላል?

ገበሬ ከቆጋ መስኖ፦ ከጎረቤት ነው ያገኘሁት፤ ስም የለውም።

ዶክተር፦ እንግዲያው ከተዥጎረጎሩት መሃል ምንም ያልነካው ተክል ካለ ምልክት ያድርጉበት። ክሽክሽ ሳታገኘው ቀርታም ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ፍሬውን ለወጥ አይስጡት፤ ለዘር ያቆዩት።