ለደሴው ጠያቂያችን፦ ሆም ቲያትሩን ከመለወጥዎ በፊት

ሰላም ለቡድኑ አባላት በሙሉ። ጠያቂያችን ከደሴ እንደጻፉልን፣ በቅርቡ ዋጋው ዝቅ ያለ ባለ 5.1 ሆም ቲያትር ገዝተው አምስቱንም ስፒከሮች ከቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ ቡፌው ላይ ደርድረዋል፤ ቤዙን፣ ማለትም ወፍራሙን ድምፅ፣ የሚያወጣውን ዉፈርም ከቡፌው በታች ባለው መደርደሪያ ውስጥ አስገብተውታል። ፊልም ሲከፍቱ የተዋንያኑ ንግግር በቅጡ አይሰማም፤ ሙዚቃውና ፍንዳታው ግን ጎረቤት እስከሚረብሽ ድረስ ይጮኻል፤ ቤዙ የታፈነ ነው፤ የኋላ የተባሉት ሁለት ስፒከሮች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ይላሉ። ጥያቄያቸው ገንዘብ ጨምረው ዋቱ ከፍ ባለ ሌላ ዕቃ ይለውጡት ወይስ ይተዉት የሚል ነው።

የእኔ ምላሽ አይለውጡት የሚል ነው። እኔ የምኖረው ኮምቦልቻ ሲሆን፣ በራሴ ቤትም ሆነ ደሴ ባሉ ዘመዶቼ ሳሎኖች እንዲህ ያሉ መጠነኛ ዕቃዎችን ለዓመታት ሳገጣጥምና ሳስተካክል ያየሁት፣ አብዛኛው ቅሬታ ከዕቃው አቅም ማነስ ሳይሆን ድምፁ ወደ ዕቃው ከሚገባበት መንገድ፣ ስፒከሮቹ ከተቀመጡበት ቦታና ከሳሎኑ ጠባይ የሚመነጭ መሆኑን ነው። እነዚህን ደግሞ ያለ ወጪ ወይም በጥቂት ሜትር ሽቦ ማስተካከል ይቻላል።

ስለ ዋቱ በአጭሩ ልናገርና ልለፈው። በካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚታተመው ፒኤምፒኦ የሚባለው ቁጥር ለማስታወቂያ እንጂ ለአድማጭ የሚጠቅም አይደለም፤ ትርጉም ያለው ዕቃው ያለማቋረጥ የሚያወጣውን ኃይል የሚያሳየው አርኤምኤስ የሚለው ነው። ከዕቃው ጀርባ ከመስመር የሚወስደው የኤሌክትሪክ ኃይል ተጽፏልና እሱን ይመልከቱ፤ ከሶኬት 80 ዋት የሚወስድ ዕቃ 1000 ዋት ድምፅ ያለማቋረጥ ሊያወጣ አይችልም። እውነተኛው ዋት በእጥፍ ቢያድግ እንኳ የሚገኘው ጭማሪ 3 ዲሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው) ብቻ ሲሆን፣ ድምፁ ለጆሯችን እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ግን 10 ዲሲቤል ያህል፣ ማለትም አሥር እጥፍ ዋት ያስፈልጋል። ከዚህም በላይ ትልቁ ዋት ንግግሩንና ፍንዳታውን እኩል ስለሚያሳድጋቸው፣ እርስዎን ያስቸገረው በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት እንዳለ ይቀራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። 5.1 ማለት የፊልሙ ድምፅ በስድስት የተለያዩ ክፍሎች ተቀርጾ፣ ለፊት ግራና ቀኝ፣ ለመሀል፣ ለኋላ ግራና ቀኝ እንዲሁም ለዉፈሩ ለየብቻ ይደርሳል ማለት ነው። ይህ የሚሆነው ግን ፊልሙ ራሱ በዚህ መልክ የተቀዳ ሲሆን፣ ገመዱ ስድስቱንም ማሳለፍ ሲችልና ሆም ቲያትሩ መፍታት ሲችል ነው። ሱቅ ውስጥ ለሙከራ ብዙ ጊዜ የሚገናኘው ከቴሌቪዥኑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ በሚወጣው ባለ ቀይና ነጭ ገመድ ሲሆን፣ ብዙ ሰው ቤቱም ወስዶ በዚያው መልክ ይሰካዋል። ይህ ገመድ የሚያሳልፈው ግራና ቀኝን ብቻ ስለሆነ፣ መሀልና ኋላ የሚባሉት ክፍሎች ከቴሌቪዥኑ ለየብቻ ሳይወጡ ይቀራሉ ማለት ነው። ስለዚህ ከቴሌቪዥንዎ ጀርባ ካሉት የኤችዲኤምአይ ቀዳዳዎች መካከል ኤአርሲ የሚል ጽሑፍ ያለበት መኖሩን ይፈልጉ። የቴሌቪዥኑን ድምፅ በዚያው ገመድ ወደ ሆም ቲያትሩ የሚመልሰው ይህ አሠራር በ2009 እ.ኤ.አ. ከወጣው ኤችዲኤምአይ 1.4 ጋር የመጣ በመሆኑ አብዛኞቹ ዘመናዊ ቴሌቪዥኖች ላይ ይገኛል። ሆም ቲያትሩም ተመሳሳይ ቀዳዳ ካለው በአንድ ኤችዲኤምአይ ገመድ ያገናኟቸው፤ ከሌለው ኦፕቲካል የሚባለውን ቀጭን የብርሃን ገመድ ይጠቀሙ።

ገመዱ ብቻውን ግን አይበቃም። በቴሌቪዥኑ የድምፅ ማስተካከያ ውስጥ ዲጂታል ኦውትፑት የሚል ምርጫ አለ፤ እሱ ፒሲኤም ላይ ከሆነ ቴሌቪዥኑ ስድስቱን ክፍሎች ወደ ሁለት አጥፎ ያስተላልፋል። ቢትስትሪም፣ ዶልቢ ዲጂታል ወይም አውቶ ወደሚለው ይለውጡት። የቴሌቪዥኑንም የራሱን ስፒከር ያጥፉት፤ ሁለቱ አብረው ሲሠሩ ንግግሩ ላይ የማሚቶ ዓይነት መንቀጥቀጥ ይፈጠራልና።

እዚህ ላይ ከመግዛት በፊት ሊታወቅ የሚገባ፣ ከገዙም በኋላ ማረጋገጥ የሚጠቅም ነገር አለ። 5.1 ተብለው ከሚሸጡት ርካሽ ዕቃዎች አንዳንዶቹ ዶልቢ ዲጂታልን፣ ማለትም ስድስቱ ክፍሎች ተጨምቀው የሚተላለፉበትን መልክ፣ የሚፈታ ክፍል ጭራሽ የላቸውም፤ ኤችዲኤምአይም ኦፕቲካልም ሳይኖራቸው የቀይና ነጭ ቀዳዳ ብቻ ይዘው ሁለቱን ድምፅ ለአምስት ስፒከር ያባዛሉ። የእርስዎ ዕቃ የኋላ ስፒከሮቹ አልፎ አልፎ መሥራታቸው እንዲህ ካለው ጎራ እንዳልሆነ ተስፋ ይሰጣል። ፍላሽ የሚሰካበት ቀዳዳ ካለውም ፊልሙን በቴሌቪዥኑ በኩል ሳይሆን በቀጥታ ሆም ቲያትሩ ላይ ሰክተው ቢሞክሩ፣ ጥፋቱ ከመስመሩ ይሁን ከዕቃው በአንድ ምሽት ይለያል። በተረፈ በዲሽ የምናያቸው የአገራችን ጣቢያዎችም ሆኑ የዩቲዩብ ቪዲዮዎች በአብዛኛው ባለ ሁለት ድምፅ ናቸው፤ ተጨምቀው በፍላሽ የሚዘዋወሩ ፊልሞችም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ናቸው። እነሱን ሲያዩ የኋላው ዝም ቢል ብልሽት አይደለም፤ ሪሞቱ ላይ ፕሮሎጂክ ወይም ሰራውንድ የሚል ቁልፍ ካለ ግን ሁለቱን ድምፅ ለአምስቱ ያከፋፍልልዎታል።

ወደ ስፒከሮቹ አቀማመጥ እንሂድ። በፊልም ውስጥ ንግግር በአብዛኛው የሚወጣው ከመሀለኛው ስፒከር ነው፤ ንግግር አልሰማ ሲል መጀመሪያ የሚፈተሸውም እሱ ነው። ቡፌው ላይ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ከተቀመጠ ድምፁ የቡፌውን ገጽ እየመታ ይደበዝዛል፤ ስለዚህ እስከ ቡፌው ጠርዝ አውጥተው በቴሌቪዥኑ ሥር ያስቀምጡትና ፊቱን በትንሽ ጎማ ወይም እንጨት ደግፈው ወደ ተቀማጩ ጆሮ ያቅኑት። ይህ በእኛ አካባቢ ልዩ ትኩረት ይሻል። የስፒከር አምራቾች የሚያስቡት ሶፋ ላይ የተቀመጠን ሰው፣ ማለትም ከወለሉ 1 ሜትር ገደማ ከፍ ያለን ጆሮ ነው። በወሎ ቤት ግን ብዙ ጊዜ የምንቀመጠው መጅሊስ ላይ ስለሆነ ጆሯችን ከ80 ሴንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ከፍ ባለ ቡፌ ላይ ሆኖ ቀጥ ብሎ ወደ ፊት የሚያይ ስፒከር ቀጫጭኑን ድምፅ፣ እነ ሰ፣ ተ እና ፈን የሚለየውን ማለቴ ነው፣ ከራሳችን በላይ ያሳልፈዋል። ስፒከሩን ዘንበል ማድረግ ብቻ ንግግሩን ምን ያህል እንደሚያጠራው ሲሰሙት ይገረማሉ።

የፊት ግራና ቀኙን ከቡፌው ላይ ያውርዷቸው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት እርስዎ ከእያንዳንዳቸው ከሚርቁበት ጋር ተቀራራቢ ይሁን፤ ባለሙያዎች የሚቀበሉት መመዘኛ ከመሀል 30 ዲግሪ ወደ ግራ፣ 30 ዲግሪ ወደ ቀኝ ነው። ከእያንዳንዳቸው 2.5 ሜትር ርቀው ከተቀመጡ ሁለቱም በዚያው ያህል ይራራቁ ማለት ነው፤ በርጩማም ሆነ አናጢ የሚሠራው የግድግዳ መደርደሪያ ይበቃል። የኋላዎቹ ከፊት ለፊትዎ ሲለካ 110 ዲግሪ አካባቢ፣ ማለትም ከጎንዎ ትንሽ ወደ ኋላ ይሁኑ። በመጅሊስ ቤት ሰው በሦስቱም ግድግዳ ዙሪያ ስለሚቀመጥ፣ የኋላዎቹ በጆሮ ከፍታ ላይ ከሆኑ አጠገባቸው የተቀመጠው እንግዳ ከእነሱ ሌላ ምንም አይሰማም፤ ስለዚህ ከጆሮ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገው ግድግዳ ላይ ይስቀሏቸው። በዚህም ሁሉም ሰው ተመሳሳይ ድምፅ አይሰማም፤ ቤተሰቡ አዘውትሮ የሚቀመጥበትን አንድ ቦታ መርጦ ለእሱ ማስተካከል ግድ ነው።

ሽቦውን በተመለከተ ውድ የተባለውን መግዛት አያስፈልግም፤ ለሳሎን ርቀት ተራው ባለ ሁለት ሽቦ በቂ ነው። ዋናው ነገር ቀዩ ከቀይ፣ ጥቁሩ ከጥቁር መገናኘቱ ነው። ከፊት ስፒከሮች አንዱ ከተገለበጠ ሁለቱ እየተቃረኑ ቤዙ ይጠፋል፤ የዘፋኙም ድምፅ ከመሀል መምጣቱን ትቶ በክፍሉ ውስጥ ይበተናል።

ዉፈሩ ረዘም ያለ ነገር ይጠይቃል፤ ምክንያቱም እርስዎ የታፈነ ያሉት ቤዝ የተፈጠረው በእሱ አቀማመጥ ነው። በመጀመሪያ ደረጃ ከቡፌው ውስጥ ይውጣ። የቡፌው ሣጥን አብሮ ይንቀጠቀጣል፣ ብርጭቆና ሲኒውም ይንጫረራል። በርካሽ ዕቃዎች ላይ ደግሞ ማጉያው ብዙ ጊዜ የሚገኘው ዉፈሩ ሣጥን ውስጥ ስለሆነ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ አየሩ ቀዝቃዛ ቢሆንም ስስ በመሆኑ ሙቀትን የመሸከም አቅሙ ቆላ ላይ ካለው ያንሳል፤ የአንዳንድ ዕቃዎች መመሪያም ከ2000 ሜትር በላይ መጠቀምን አይመክርም። ስለዚህ በዙሪያው ቢያንስ አንድ ስንዝር ክፍት ቦታ ይተዉለት።

ቀጥሎ የሳሎኑ ስፋት ይመጣል። ብዙዎቻችን የምንኖረው አራት በአራት በሆነ ሳሎን ውስጥ ነው፤ ይህ ለቤዝ ከከፉት ቅርጾች አንዱ ነው። የድምፅ ፍጥነት በሰከንድ 343 ሜትር አካባቢ በመሆኑ፣ 4 ሜትር በሚራራቁ ሁለት ግድግዳዎች መካከል 43 ሄርዝ አካባቢ ያለው፣ ማለትም በሰከንድ 43 ጊዜ ያህል የሚርገበገበው ቤዝ እየተመላለሰ ግድግዳው አጠገብ ይገንናል፣ ልክ መሀል ላይ ደግሞ ይጠፋል። ርዝመቱና ወርዱ እኩል ሲሆኑ ይኸው ነገር በሁለቱም አቅጣጫ ይደራረባል። ጀርባውን ለግድግዳ የሰጠው ሰው ጉምጉምታ ሲሰማ መሀል የተቀመጠው ቤዝ የለም የሚለው ለዚህ ነው። መፍትሔው እንዲህ ነው፤ ዉፈሩን ለጊዜው እርስዎ በሚቀመጡበት ቦታ ላይ ያድርጉትና ቤዙ ግልጽ የሆነ አንድ ዘፈን ይክፈቱ፤ ከዚያም ከቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ ባለው ግድግዳ ሥር ጎንበስ ብለው እየተዘዋወሩ ያዳምጡ። ምቱ ሳይጎተት፣ አንዱ ከሌላው ተለይቶ የሚሰማበትን ቦታ ሲያገኙ ዉፈሩን እዚያ ያኑሩት። ፍለጋውን በፊተኛው ግድግዳ የወሰንኩት የእነዚህ ዕቃዎች ትናንሽ ስፒከሮች ወፍራሙን የወንድ ድምፅ ጭምር ለዉፈሩ ስለሚተዉ ነው፤ ዉፈሩ ከኋላ ከሆነ ተዋናዩ ከፊት እያወራ የድምፁ ውፍረት ከጀርባ ይመጣል። ከጎረቤት ጋር የምትጋሩት ግድግዳ ካለ ከእሱ ያርቁት፤ ጥግ ላይም አይውሸቁት፤ ጥግ ቤዙን ያበዛዋል፣ አያጠራውም።

ቦታው ከተያዘ በኋላ ወደ ሪሞቱ ይመለሱ። ቴስት ቶን የሚል ቁልፍ ካለ እያንዳንዱ ስፒከር ተራ በተራ የሚያሰማውን ሹሹታ ከመቀመጫዎ ሆነው ያዳምጡና እኩል ያድርጓቸው፤ በስልክ ላይ የሚጫን የድምፅ መለኪያ መተግበሪያ ለዚህ ማነጻጸሪያ ይበቃል። ርቀት የሚሞላበት ቦታ ካለ በሜትር ለክተው ያስገቡ። ድምፅ አንድ ሜትር ለመጓዝ 3 ሚሊ ሰከንድ ያህል ስለሚፈጅበት፣ አጠገብዎ ያለው የኋላ ስፒከር ከፊተኛው ቀድሞ ከደረሰ ጆሮ ወደ ቀደመው ይሳባል። ከዚያ መሀለኛውን በ2 ወይም በ3 ዲሲቤል ከሌሎቹ ከፍ ያድርጉት፤ ዉፈሩን ደግሞ መጨረሻ ላይ፣ መኖሩ ሳይታወቅ ሲጠፋ ብቻ ጉድለቱ እስከሚሰማ ድረስ ዝቅ ያድርጉት። ሮክና ፖፕ የሚሉትን የድምፅ ቅርጾች ያጥፏቸው። ናይት ወይም ዲአርሲ የሚለው ግን ጠቃሚ ነው፤ ዝቅ ያለውን ከፍ፣ ከፍ ያለውን ዝቅ ስለሚያደርግ ማታ ልጆች ሲተኙም ሆነ በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ንግግሩን ይታደግልዎታል። በእንዲህ ያለ ዝናብ ቮልዩሙን እስከ መጨረሻው መግፋት አይገባም፤ አቅሙን ያለፈ ማጉያ ድምፁን እየቆራረጠ ትንንሾቹን ስፒከሮች ያቃጥላል።

የቤቱ አሠራርም ይናገራል። በብሎኬት ተገንብቶ ወለሉ ሴራሚክ የሆነ ሳሎን ድምፁን ስለሚያስተጋባ ንግግር ይደበዝዛል፤ የድሮው የጭቃ ቤት ግን በተፈጥሮው የተሻለ ነው፣ በተለይም ቤዙን በመጠኑ ይውጠዋል። በቴሌቪዥኑና በመቀመጫው መካከል ወፈር ያለ ምንጣፍ ማንጠፍና መስኮቱ ላይ እጥፋቱ የበዛ ከባድ መጋረጃ መስቀል ብዙ ይለውጣል፤ የመጅሊሱ ፍራሽና ትራሶችም የራሳቸውን ድርሻ ይወጣሉ። የእንቁላል ካርቶን ግድግዳ ላይ መለጠፍን ግን በፍጹም አልመክርም፤ ንግግሩ በሚገኝበት ክልል የሚጠቅመው እዚህ ግባ አይባልም፣ እሳት ቢነሳ ደግሞ አደጋ ነው።

መብራት ሲጠፋ ዕቃውን ከዲቫይደሩ ይንቀሉት፤ ሲመለስም ኃይሉ እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃዎች ይጠብቁ። ያለማቋረጥ የሚያጉረመርም ድምፅ ከሰሙ የዲሹን ገመድ ከሪሲቨሩ ይንቀሉና ያዳምጡ፤ ድምፁ ከቆመ ችግሩ በእሱ በኩል የሚመጣ ነው፤ ለዚህ ሲባል ግን የሶኬቱን የመሬት መስመር የሚቆርጥ ሰው ቢመጣ አይፍቀዱለት።

ይህን ሁሉ ከሞከሩ በኋላ ንግግሩ አሁንም ካልጠራ፣ የሆም ቲያትሩን የጀርባ ቀዳዳዎች ፎቶ፣ የሳሎኑን ርዝመትና ወርድ፣ እንዲሁም የምትቀመጡት ሶፋ ላይ ይሁን መጅሊስ ላይ እዚሁ ጽፈው ይላኩልን፤ ዉፈሩን የት ቢያስቀምጡ እንደሚሻል አብረን እናያለን።