በወር ጥቂት ማግ ለሚያትም ሰው የትኛው ፕሪንተር ይሻላል?

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ላላዩት ባጭሩ፦ ለልደትና ለምርቃት ስጦታ በወር ከ10 እስከ 20 ማግ ማተም አስበሻል፣ ማግ ፕሬሱ (ምስሉን በሙቀት ማጉ ላይ የሚያትመው ማሽን) አለሽ፣ የቀረሽ ፕሪንተሩ ነው። ያገለገለ ኤፕሰን ኤል805፣ አዲስ ኤል3250፣ ወይስ ቤት ያለውን ኤችፒ ቀለሙን በሰብሊሜሽን ቀለም (ሲሞቅ ወደ ጋዝ ተቀይሮ ማጉ ሽፋን ውስጥ በሚገባው) ቀይሬ ልጠቀም ነው ያልሽው።

ከሦስቱ ኤል3250ን ምረጪ። እንዲያውም ኤል3210 ካገኘሽ እሱን ውሰጂ፤ የቀረበት ዋይፋይ ብቻ ነው፣ ለዚህ ሥራ ደግሞ ዋይፋይ ብዙም አይጠቅምሽም። ምክንያቱን ከታች እነግርሻለሁ።

ኤችፒውን እርሺው። የኤችፒና የካነን የቤት ፕሪንተሮች ቀለሙን የሚረጩት ሄድ በሚባለው የመርጫ ክፍል ውስጥ በሙቀት አፍልተው ነው። የሰብሊሜሽን ቀለም ሙቀት ማግኘት ያለበት ፕሬሱ ላይ እንጂ ሄዱ ውስጥ አይደለም፤ እዚያ ከሞቀ ኖዝሉን (ቀለም የሚወጣባቸውን ደቃቅ ቀዳዳዎች) ይደፍናል። ኤፕሰን ግን ቀለሙን የሚገፋው ፒዞ በሚባል፣ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ በሚለጠጥ ቁስ ነው። ሌዘርም አይሆንም፤ ተራው ቶነር በሙቀት ይቀልጣል እንጂ ወደ ጋዝ ተቀይሮ ማጉ ሽፋን ውስጥ አይገባም።

ኤል805 ጥሩ ማሽን ነው። ስድስት ቀለም ስላለው የፊት ቆዳን አራት ቀለም ካለው ኤል3250 ይልቅ ለስለስ አድርጎ ያወጣል። በየቀኑ የሚያትም ሰው ቢጠይቀኝ ስድስት ቀለም እለው ነበር። ላንቺ ግን ሁለት ተጨማሪ ቀለም ማለት ሁለት ተጨማሪ የሚደርቅ መስመር ማለት ነው። ያገለገለ መሆኑ ደግሞ ይብሳል፤ ቱቦውም ሄዱም ተራ ቀለም ጠጥተዋል፣ ምን ያህል ቢታጠቡ የቀረው ከአዲሱ ጋር ተቀላቅሎ ቀለሙን ያዛባል። የዌስት ኢንክ ፓዱ (ሄዱ ሲጸዳ የሚፈሰውን ቀለም የሚመጠው ስፖንጅ) ምን ያህል እንደሞላም ከውጭ አይታይም።

አልፎ አልፎ የሚያትምን ሰው የሚጎዳው የማሽኑ ዓይነት ሳይሆን ሥራ ፈትቶ መቀመጡ ነው። የሰብሊሜሽን ቀለም ውሃ ውስጥ የሟሟ አይደለም፤ ደቃቅ ቅንጣቶች ናቸው የተንሳፈፉት። ለሳምንታት ያልተነካ ጠርሙስ ብርሃን ላይ አንሥተሽ ብታዪው እንደ ጠላ አተላ ከሥሩ ተቀምጦ ታገኚዋለሽ። ቱቦው ውስጥም የሚሆነው ይኸው ነው። በበጋ አየሩ ደረቅ ሲሆን ኖዝሉ አፍ ላይ ያለው ውሃ ደግሞ ቶሎ ይተንናል።

ስለዚህ ትዕዛዝ ኖረም አልኖረም በሳምንት አንድ ቀን አትሚ። መጀመሪያ ኖዝል ቼክ (ኖዝሎቹ መከፈታቸውን የሚያሳየውን የሙከራ ገጽ) አውጪ፤ መሰላል የመሰሉት ቀጫጭን መስመሮች አንዱም ሳይቆረጥ መውጣት አለባቸው። ከዚያ ተራ ወረቀት ላይ ሲያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር እያንዳንዳቸው 4 በ4 ሳንቲ ሜትር የሆኑ አራት ድፍን ካሬዎች አትሚ። ኖዝል ቼክ ብቻውን በጣም ጥቂት ቀለም ስለሚስብ ቱቦው ውስጥ የቆመውን አያንቀሳቅሰውም። መስመር ከጎደለ አንድ ሄድ ክሊኒንግ (ፕሪንተሩ ራሱ የሚሠራው የሄድ ማጽዳት) አድርገሽ እንደገና ቼክ አድርጊ። ሦስት ጊዜ ሞክረሽ ካልተስተካከለ አቁሚና ቢያንስ 12 ሰዓት አሳርፊው። በላይ በላይ ማጽዳት ፓዱን ከመሙላትና ቀለም ከመጨረስ ሌላ ጥቅም የለውም።

የመብራት ነገር ቀላል አይምሰልሽ። ፕሪንተሩ በራሱ ቁልፍ ሲጠፋ ሄዱ ወደ ማረፊያው ሄዶ ይከደናል። በማተም ላይ እያለ መብራት ከሄደ ግን ሄዱ መሐል ላይ አፉን እንደከፈተ ይቀራል። መብራት እንደመጣ አብሪው፣ ሄዱ ይመለስ፣ ከዚያ በቁልፉ አጥፊው። ከማከፋፈያው ላይ የማጥፋት ልማድ ካለም ይቅር።

ስትገዢ ካርቶኑ ያልተከፈተ ይሁን። ሻጩ «ይሠራ እንደሆነ ልሞክርልሽ» ብሎ አብሮት የመጣውን ቀለም እንዳይሞላ አስቀድመሽ ንገሪው፤ አንዴ ከተሞላ የተራ ቀለም ፕሪንተር ሆነ ማለት ነው። ያንን ቀለም እንደታሸገ መሸጥ ትችያለሽ። ከመጀመሪያዋ ጠብታ ጀምሮ የሰብሊሜሽን ቀለም ብቻ ሙዪ፤ ዋስትናው ግን ከዚያ በኋላ እንደማያገለግል አስበሽ ግቢ። ቀለም ከአራቱም ከእያንዳንዱ 100 ሚሊ ሊትር ይበቃል። አንድ ማግ ከ1 ሚሊ ሊትር በታች ነው የሚወስደው፣ በወር 20 ቢሆን በዓመት 240 ማግ ነው። ሊትር መግዛት ርካሽ ቢመስልም ከተከፈተ ዓመት ያለፈው ቀለም አይታመንም። ጠርሙሱን ከመሙላትሽ በፊት ቀስ አድርገሽ ገለባብጪው፤ በኃይል ከነቀነቅሽው አረፋ ይይዛል፣ አረፋው ቱቦ ውስጥ ገብቶ መስመር ይቆርጣል።

ኤ3 እንዳያጓጓሽ። ባለ 11 አውንስ ማግ የሚታተመው ክፍል 20 በ9 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ስለሆነ አንድ ኤ4 ላይ ሦስት ማግ ይገባል።

አሁን ወደ ዋይፋዩ። ትክክለኛ ቀለም ለማግኘት ከቀለም ሻጩ ለዚያ ቀለም የተሠራ አይሲሲ ፕሮፋይል (ቀለሙ በትክክል እንዲወጣ የሚያስተካክል ፋይል) መቀበል አለብሽ፣ እሱን ደግሞ በቅጡ መጠቀም የሚቻለው ከኮምፒውተር ነው። ፎቶሾፕ ላይ ፕሮፋይሉን ከመረጥሽ የፕሪንተሩን የራሱን የቀለም ማስተካከያ አጥፊ፤ ሁለቱ አብረው ከሠሩ ፊት ሁሉ ይቀላል ወይም ወደ አረንጓዴ ያደላል። የወረቀት ዓይነት ማት፣ ጥራት ከፍተኛ፣ ምስሉ ሚረር (እንደ መስታወት ግራና ቀኙ የተገለበጠ) ይሁን።

ወረቀቱ ላይ ፈዞ መውጣቱ አያስደንግጥሽ፣ የሚደምቀው ፕሬስ ሲደረግ ነው። ማጉ ላይም ከፈዘዘ ግን ፕሪንተሩን ከመውቀስሽ በፊት ፕሬሱን እዪ። በ190 ዲግሪ 180 ሴኮንድ ጥሩ መነሻ ነው። ጥቁሩ ወደ ቡኒ ከሄደ በዝቷል፣ ቀንሺ። ጫፍና ጫፉ ብቻ ከገረጣ ፕሬሱ እኩል አልያዘም። ጥላ ከሠራ ወረቀቱ ተንቀሳቅሷል፣ ወረቀቱን የያዘውን ሙቀት የሚችል ቴፕ (ሂት ቴፕ) አጥብቂ። ማጉ ራሱም የሰብሊሜሽን ሽፋን ያለው መሆን አለበት፤ ከሸክላ ዕቃ መደብር የተገዛ ተራ ስኒ ቀለሙን አይቀበልም።

ውጭ አገር ያላችሁ ከፋብሪካው ለሰብሊሜሽን ተብሎ የተሠራውን ኤፕሰን ኤፍ100 ማየት ትችላላችሁ፤ አሜሪካ ውስጥ ኤፍ170 ይባላል። ሶግራስ ኤስጂ500ም ጥሩ ያትማል፣ ግን ካርትሪጁ ውድ ነው፣ ራሱን ሲያጸዳም ቀለም ይበላል፤ ለጥቂት ማግ አልመክረውም።

በየሳምንቱ ማተሙን እንደማትችዪው ካወቅሽ ደግሞ ፕሪንተር ሳትገዪ ጀምሪ። የሰብሊሜሽን ፕሪንተር ያለው ማተሚያ ቤት ፈልገሽ ወረቀቱን ብቻ አሳትሚ፣ ፕሬሱን አንቺ ቤት ትሠሪዋለሽ። ፋይሉን በ20 በ9 ሳንቲ ሜትር፣ በ300 ዲፒአይ ስጪያቸው፣ ሚረር ማድረጉን ደግሞ ማን እንደሚሠራው ተነጋገሩ፤ ሁለታችሁም ካደረጋችሁት ጽሑፉ ማጉ ላይ ተገልብጦ ይወጣል።