ገጣጥመህ ሽጥ ላሉህ ወንድማችን

ወንድሜ፣ አንድ የህንድ አነስተኛ መውቂያ አምራች ኮምቦልቻ ካለው ወርክሾፕህ ጋር ልሥራ ብሎሃል። «ማሽኑን ፈታትተን እንልካለን፣ ገጣጥመህ ትሸጣለህ፣ ቴክኖሎጂውንም እናስተላልፋለን» ነው ያሉህ። ልግባበት ወይስ ይቅርብኝ ብለህ ጠይቀሃል። እኔ እዚሁ ወሎ መውቂያና የውሃ ፓምፕ ስሠራና ስጠግን ኖሬአለሁ። ግባበት። ግን «ቴክኖሎጂ ማስተላለፍ» የሚለው ቃል ውሉ ላይ ዕቃ በዕቃ ተዘርዝሮ ይጻፍልህ።

መገጣጠም ብቻውን ሙያ አያስተላልፍም። ብሎን ማጥበቅማ ልጆቻችን ድሮም ይችላሉ። የሚያስፈልግህ ቶሎ የሚያልቁትን ዕቃዎች እዚሁ የመሥራት ፈቃድና ዕውቀት ነው፦ የመውቂያው ጥርስ፣ ወንፊቱ፣ ፑሊው (ቺንጊያው የሚዞርበት ጎማ)፣ የማራገቢያው ክንፍ። የእያንዳንዱን ድሮዊንግ (ልኩ የተጻፈበትን ንድፍ) ጠይቅ። ጥርሱ ከምን ብረት እንደተሠራና በሙቀት እንዴት እንደጠነከረ ይንገሩህ። ያንን ሳታውቅ ከተገኘው ብረት ቆርጠህ ብትበይድ አንድ መኸር አያደርስህም። ፍሬሙ ሲበየድ እንዳይጣመም የሚይዘው ጂግም አብሮ ይምጣ። ፍሬሙ ከተንጋደደ ሻፍቱ (የሚሽከረከረው ዘንግ) ይንጋደዳል፣ ዘንጉን የሚይዘው ኩሽኔታም ቶሎ ቶሎ ይበላል።

አብሽር፣ ይህ ብዙ መጠየቅ አይደለም። ትንሽ አምራች እዚህ ቅርንጫፍ ከፍቶ፣ ጥገና አደራጅቶ መቀመጥ አቅሙ አይፈቅድለትም። አንተ ታስፈልገዋለህ።

ይህ ባለመደረጉ የደረሰውን አይቻለሁ። አንድ አስመጪ (ስሙን ልተወው) ያመጣቸው መውቂያዎች ነበሩ። ማሽኖቹ ጎበዝ ነበሩ። ቺንጊያቸው (ከሞተሩ ጉልበት የሚያደርሰው ቀበቶ) ግን በእኛ ገበያ የማይገኝ ቁጥር ነበር። በመኸር መሃል ሲበጠስ ገበሬዎቹ እህሉን መልሰው በበሬ አበራዩት። ብድር ገብተው የገዙት ማሽን ቆሞ ቀረ። አሁንም ሳስበው ያበሳጨኛል።

ሌላው የእህላችን ነገር ነው፣ እሱን በደንብ አስብበት። የህንድ መውቂያ በአብዛኛው ለስንዴ የተሠራ ነው። እዚያ ገለባው ደቅቆ ለከብት እንዲሆን ስለሚፈለግ ማሽኑ ይከታትፈዋል። ለጃማና ለደላንታ ስንዴ ይሆናል። ጤፍ ግን ሌላ ነው። አንድ ሺህ የስንዴ ፍሬ 30 ግራምና ከዚያ በላይ ይመዝናል፤ አንድ ሺህ የጤፍ ፍሬ ግማሽ ግራም እንኳ አይሞላም። ለስንዴ የተስተካከለ ማራገቢያ ጤፉን ከእብቁ ጋር ጠራርጎ ይወስደዋል። ወንፊቱ መቀየር፣ አየሩን የሚቀንስ መዝጊያም መጨመር አለበት። የቆቦና የቃሉ ማሽላ ደግሞ አገዳው ለከብትም ለማገዶም ይፈለጋል፤ ማሽን ውስጥ የሚገባው ዘለላው ብቻ ነው። ስለዚህ የህንዶቹ ባለሙያ መኸሩን እዚህ ይቆይ፣ ማሳ ላይ አብሯችሁ ያስተካክል። ይህንንም ውሉ ውስጥ አስገባ። የኮምቦልቻው የግብርና ሜካናይዜሽን ምርምር ማዕከል ቅርብህ ነው፤ ሙከራውን እንዲያዩልህ ጠይቃቸው።

የሞተሩንም ጉልበት ካታሎግ አይተህ አትመን። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ተርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ናፍጣ ሞተር በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። 12 የፈረስ ጉልበት የተባለው ደሴ ላይ 9 ቢሰጥህ ነው።

«ሞተሩን ካልሠራን ምን ዋጋ አለው?» የሚሉህን አትስማ። ባንግላዴሽ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ የማስገቢያ ገደቡን ስታላላ የቻይና ትንንሽ ናፍጣ ሞተርና የእጅ ትራክተር በብዛት ገባላት። ቦግራ በምትባል ከተማ ያሉ ወርክሾፖች ከመለዋወጫ ተነስተው ፓምፕና መውቂያ ወደ መሥራት ገቡ። ሞተሩን ከውጭ ነው የሚያመጡት፤ የቀረው የራሳቸው ሆነ። እኛም ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረ በኋላ የውጭ ዕቃ ስለተወደደ፣ እዚህ የተሠራ እያንዳንዱ ዕቃ ለገበሬው ትልቅ እፎይታ ነው።

አሁን የዕቃውን ዝርዝር ላኩልኝ በላቸውና እዚህ ለጥፈው። ቶርኖ (ብረት መቅረጫ ማሽን) ያለን ሰዎች እዚህ አለን። የትኛው ኮምቦልቻ ላይ እንደሚቀረጽ፣ የትኛው ከውጭ መምጣት እንዳለበት በየዕቃው ፊት እንጽፍልሃለን። እስከዚያ አትፈርም።