ውሃው ከታች ዥው ይላል፣ ቅጠሉ ግን ጠውልጓል

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ ቲማቲም በ20 ሊትር የጨርቅ ፖት ተክዬ በኮምፖስት ብቻ ነው የማሳድገው፣ ኬሚካል የሚባል ነገር አላስነካሁትም። በየቀኑ አጠጣለሁ፣ ውሃው ወዲያው ከታች ዥው ይላል፣ ከሰዓት ሲሆን ግን ቅጠሉ ጥውልግ! ምን አጥፍቼ ነው?

መልስ፦ ውሃ አንሶት ሳይሆን አፈሩ አልጠጣም ብሎ ይመስለናል። ኮምፖስት የበዛበት አፈር አንዴ ክው ብሎ ከደረቀ ውሃ ይገፋል፣ የሚያፈሱት ሁሉ በአፈሩና በጨርቁ መሃል ባለው ክፍተት ሾልኮ ይወጣና መሃሉ አቧራ እንደሆነ ይቀራል። እስቲ ጣትዎን እስከ ሁለተኛው አንጓ ይክተቱት።

ጨርቅ ደግሞ በጎኑም ስለሚተነፍስ ከፕላስቲክ ቶሎ ይደርቃል (ለሥሩ ጥሩ ነው፣ ጫፉ አየር ሲነካው እዚያው ቆሞ ወደ ውስጥ ቅርንጫፍ ያበዛል፣ ሥራ የሚበዛው ለእኛ ነው)። ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ሁለት ብርጭቆ ብቻ ከዳር እስከ መሃል ቀስ ብለው ያርከፍክፉ፣ 10 ደቂቃ ይጠብቁ፣ ከዚያ ይድገሙት። ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሊትር ይበቃዋል፣ ከታች ጠብ ጠብ ማለት ሲጀምር ያቁሙ፣ ዥው ካለ የኮምፖስቱንም ምግብ አጥቦ ነው የሚሄደው። በጣም ከደረቀ ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያስቀምጡት፣ ከታች ወደ ላይ ይመጠዋል።

ላዩን ደረቅ ሣር ያልብሱት፣ ኮምፖስቱን ወደ ምግብነት የሚቀይሩት ረቂቅ ነፍሳት ድርቀት አይችሉም። “በየቀኑ” የሚለውን ደግሞ ይተዉት፣ ጠዋት ፖቱን ብድግ አድርገው ከቀለለዎት ያጠጡ፣ ከከበደዎት ይለፉት።